በእኔ ተረከዝ የተለካ ካሜራ

ልጄ የእግሬን ሥር ከፊቴ አብልጣ ታውቀዋለች። ለቀልድ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። በሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል ፎቶ አንሺ ናት። ሌላው ፎቶ አንሺ ሰርግና ምርቃት ሲያነሳ፣ እሷ የሰው ብብት፣ የሰው ጀርባ፣ የሰው የእግር ጣት መሃል ስታነሳ ትውላለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ "ልጅህ ፎቶ አንሺ ናት አሉ፤ እስቲ የኔን ልጅ ታንሳልኝ" ብትለኝ፣ "ምን ወጥቶባት ነው?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ነዳጅና ፍሬን ስረግጥበት በኖርኩት በቀኝ እግሬ ተረከዝ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። የምስር ፍሬ ታክላለች። ለሰው ስናገር "ማርያም የሳመችህ ናት" ይሉኛል። ተረከዝ ምኑ ይሳማል? ታላቅ ወንድሜም እንዲህ ያለች ነጥብ ነበረችው፤ የሱም ከእግሩ ሥር ነበር። ጫማ የነከሰው መስሎት ጫማ ቀየረ። እንደገና ቀየረ። በኋላ እግሩ ጭራሽ ጫማ አልገባ አለ፤ ከዚያም ቀበርነው። የበሽታውን ስም ሐኪሞቹ ነግረውናል። እኔ ግን ያንን ስም አልጠራውም፤ እዚህም አልጠራውም።

የኔን ነጥብ ያየችብኝ ልጄ ናት። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ የእግሬን ጥፍር የምትቆርጥልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን እየቆረጠች ወሬዋን በመሃል አቋረጠችው። እኔም ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ዶክተሯ ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። አገላብጣ አየችኝና፣ "አባባ፣ አሁን የሚያስቆርጥ ነገር የለውም። በየጥቂት ወሩ ፎቶ ይነሱ። መልኩ ከተለወጠ ያን ጊዜ እንቆርጠዋለን። እስከዚያው ይርሱት" አለችኝ። ይርሱት! ቀኑን ሙሉ እየረገጡት የሚሄዱትን ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚረሱት?

እኔ ያደረግኩት አለማየት ነው። እግሬን ስታጠብ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ካልሲ ሳጠልቅ ጣሪያ አያለሁ። ማየቱን ለልጄና ለካሜራዋ ተውኩት።

የቆዳ ክፍሉ አሠራር እንዲህ ነው። እንደኔ "ጠብቅ" የተባለ ሰው ሁሉ ቀኑ ሲደርስ ልጄ ዘንድ ይገባና ይነሳል። ሐኪም አያየውም። ዶክተሯ በኋላ አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ትመለከታለች። የተለወጠ ነገር ካለ ይደወልለታል። ካልተደወለለት ደህና ነው። በሽተኛው ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት ስለሆነ ሌላ መላ አልነበረም። ለዚህ ነው ልጄ በሥራዋ ላይ እንደዚያ ድርቅ የምትለው። መብራቱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ ከቁስሉ አጠገብ የምታኖራት ማስመሪያ አንድ። አልጋው ላይ በሆዴ ተኝቼ እግሬ ከጫፉ ወጣ ይላል፤ እሷ ከኋላዬ ትቆማለች። እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ "ቀጭ" ይላል። ያን ጊዜ እተነፍሳለሁ።

ያ አሮጌ ካሜራ እንደኔው አርጅቶ ነበር። ሆዱ ውስጥ መስታወት አለው አሉ፤ ሲያነሱበት መስታወቱ ብድግ ብሎ ይመለሳል፣ "ቀጭ" የሚለውም እሱ ነው። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ብድግ ካለ በኋላ አልመለስ እያለ የፎቶውን እኩሌታ ጥቁር ያደርገው ጀመር። ልጄ አዲስ ይገዛልን ብላ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ደብዳቤ ጻፈች። በመጨረሻ ተገዛ። አሮጌው ደግሞ በዚያው ሰሞን ጨርሶ ቆመና ተጣለ።

አዲሱ የመጣ ዕለት ከሥራ ስትመለስ ከበሩ ጀምራ ታወራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

"አባዬ፣ መስታወት እኮ የለውም! ድምፅም የለው! የቆዳን ቀዳዳ አንድ በአንድ ቁጠር ቢሉህ ትቆጥራለህ!"

"ስፖኪዮ የሌለው ነገር ይዘሽ መንገድ ልትወጪ ነው?"

"አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር መኪና አድርገህ ቁጭ።"

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ካሜራ የተነሳሁበት ቀን ደስ አላለኝም። በሆዴ ተኛሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲል፣ "አንሺ እንጂ!" አልኳት።

"አንስቼ ጨርሻለሁ እኮ።"

ከኋላዬ ነው ያለችው፤ ፊቷን ማየት አልችልም። ሹፌር ከኋላው ያለውን ካላየ ልቡ አያርፍም። አንገቴን ጠምዝዤ ስዞር የካሜራውን መስኮት አፍጥጣ ስታይ አገኘኋት።

"ምንድን ነው?"

"ምንም። ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሎ ነው። ካሜራው ነው።"

ካሜራው ነው ስትል ቀለል አለኝ። ውሸቷንም አልነበረም። በዚያ ሰሞን የሁሉም ሰው ፎቶ ጠቆር፣ ቀላ ብሎ ይወጣ ነበር። አሮጌው ካሜራ ቀለሙን ሁሉ አለስልሶ ያሳይ ኖሮ፣ ዶክተሯ ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ሁሉም የተለወጠ መሰላት። ለብዙ ሰው ተደወለ። እየተንቀጠቀጡ መጡ፤ ሲታዩ ምንም የላቸውም። አንዱ ሰውዬ ኑዛዜውን ሁሉ ተናዞ ነበር አሉ። ዶክተሯ ልጄን ጠርታ፣ "ይህን ካሜራ እንደ አሮጌው አድርጊልኝ፤ ካልሆነ ሰው በድንጋጤ ልንገድል ነው" አለቻት።

ለዚህ የሚሆን ነገር እንዳለ ልጄ ታውቃለች። ባለብዙ ቀለም ካርድ ነው። ካሜራው ፊት ያቆሙትና፣ በካርዱ ላይ ያለው ቀይ ቀይ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ እስኪወጣ ያስተካክላሉ። ከካሜራው ጋር ታዝዞ ነበር፤ ግን አልደረሰም። በመጋዘን በኩል ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይሏታል። ዶክተሯ ደግሞ በየቀኑ ትጨቀጭቃታለች። ስለዚህ ልጄ አሰበች። በአሮጌው ካሜራ ደጋግሞ የተነሳ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተለወጠ፣ ደግሞም በፈለገችው ሰዓት ጠርታ ልታስተኛው የምትችል ነገር ፈለገች።

"አባዬ፣ እግርህን ታውሰኛለህ?"

አዋስኳት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሆዴ ተኛሁላት። እሷ ታነሳለች፣ ኮምፒውተሩ ጋ ትሄዳለች፣ አሮጌውን ፎቶ ታያለች፣ ተመልሳ አንድ ነገር ትነካካለች፣ እንደገና ታነሳለች። እኔ እንቅልፍ ሸለብ እያደረገኝ አሾፍባታለሁ፤ "ይህ እግር ለስንቱ መንገድ አገልግሎ አሁን ደግሞ ፎቶ ሞዴል ሆነ" እላታለሁ። በመጨረሻ አጨበጨበች። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ልታሳየኝ ብትል "ተይኝ፣ አምኜሻለሁ" አልኳት። ዶክተሯም መጥታ አየችና፣ "አሁን ገና ካሜራ ሆነ። እርስዎም አባባ፣ እንዳሉ ነዎት፤ ምንም አልተለወጠም" አለችኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ተረከዜ ላይ ሙሉ በሙሉ እየቆምኩ ነበር የምራመደው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ስልክ ሲጮህ መደንገጥ ተውኩ። እስከ አንድ ቀን እኩለ ቀን ድረስ።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈትቼ ጎማውን እየቀየርኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። በዚያ ሰዓት ልጄ ቤት መጥታ አታውቅም። ነጭ ጋዎኗን አላወለቀችም፤ የሆስፒታሉ መታወቂያም አንገቷ ላይ ነው። ከንፈሯ ደርቋል።

"አባዬ፣ ጫማህን አውልቅ።"

"ሰላም ዋልክ ማለት ቀረ?"

"እባክህ አውልቅና መስኮቱ ጋ ና።"

መፍቻውን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ሁለታችንም አልዘጋነውም።

"መጀመሪያ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

"ካርዱ መጣ" አለች። "የቀለም ካርዱ። ዛሬ ጠዋት። ካሜራው ፊት አቆምኩትና አነሳሁት።" ዓይኗ ተረከዜ ላይ ነበር፤ ጫማው ግን አልወለቀም። "ካርዱ ላይ ያለው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ አባዬ። ሰማያዊውም አመድ መሰለ።"

"ይህ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?"

ቀስ በቀስ ገባኝ። በሥራ ዘመኔ አንድ ባልደረባ ነበረን። የነዳጅ ጌጁ አስቸገረውና ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ "ስንት ነዳጅ አለው?" ቢለው "ትናንት ግማሽ ነበር" አለው። መካኒኩም ጌጁን አንስቶ ግማሽ ላይ አቆመለት። ሰውዬው ተሳፋሪ ጭኖ ጌጁን እያየ፣ ደስ እያለው ሲነዳ ዳገት መሃል ላይ ቀጥ አለ። ስንስቅበት ከርመናል።

"ጌጁን በኔ አቆምሽው" አልኳት።

"አዎ።"

"እኔ ግን ትናንት የነበርኩት አልነበርኩም።"

"አላውቅም። ላይሆን ይችላል። ግን የፎቶዎቹን ቀለም በካርዱ ልክ አስተካክዬ ያኔ ያነሳሁህን እንደገና ሳየው..." መታወቂያዋን ከአንገቷ አወለቀች። "ያኔ በከንቱ የተደወለላቸው ሰዎች ፎቶ እንደ አሮጌው ሆኖ መጣ፣ አባዬ። ያንተ ግን ጥቁር ነው። ጠርዙም ፈሷል።"

ፈርቼ አውቃለሁ። ፍሬን እምቢ ብሎኝ ቁልቁለት ወርጃለሁ። ያን ጊዜ ግን መሪው በእጄ ነበር። አሁን የያዝኩት የቧንቧ መፍቻ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና ቀኝ እግሬን ከወንበሩ ሥር ስቤ ደበቅሁት፤ እንደ ሕፃን።

"ዶክተሯ ምንም የለህም ብላኛለች" አልኳት።

"ፎቶውን አይታ ነው እኮ!"

"ብላኛለች።"

"አባዬ!"

"ማን ያውቃል ይህን? ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?"

"ማንም። መጀመሪያ ወዳንተ ነው የመጣሁት።"

ከዚያ አፌ አንድ ነገር ተናገረ። እኔ ነኝ ከማለት ፍርሃቴ ነው ብል ይቀለኛል፤ ግን እኔው ነኝ። "እንግዲያው ካርዱን ወደ ሳጥኑ መልሺው" አልኳት። "አልመጣም በያቸው። ስንቱ ነገር ይጠፋል።"

ልጄ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሰው የምታይ ያህል ነው ያየችኝ።

"ከዚያን ዕለት ወዲህ ያነሳሁት ሰው ሁሉ በዚያ ነው የተነሳው" አለች ቀስ ብላ። "ሁሉም ባንተ ተረከዝ ነው የተለካው። የጠቆረባቸው ካሉ ካሜራው አቅልሎላቸዋል። ዶክተሯም 'አልተለወጠም' ብላቸዋለች። አንዲት ነፍሰ ጡር አለች፤ ትከሻዋ ላይ ነው። 'ካልደወላችሁልኝ ደህና ነኝ ማለት ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፣ አባዬ። በአፌ አዎ አልኳት።"

ቧንቧው ይንጠባጠባል። እኔ ያቺን ሴት አላውቃትም። ግን እሷም እንደኔ ስልክ ሲጮህ መደንገጥ መተዋን አወቅሁ። እንዴት ደስ እንደሚልም አውቀዋለሁ። ያ ደስታ ከኔ ተረከዝ የተቀዳ ውሸት ነው። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ጠግቤ ልተኛ ብዬ ሌላው ሰው ዓይኑ ታስሮ ቁልቁለት እንዲወርድ ልተው?

የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ። "ቧንቧውን ዝጊው" አልኳት። "እንሂድ።"

በመስኮቱ ብርሃን አላሳየኋትም። እዚያው ከታየ እግሬ ተሸክሞ አያደርሰኝም ብዬ ፈራሁ። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛኝ ሄደች። ደግፋኝ ይሁን ተደግፋኝ አላውቅም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ብቻዋን ገባች። እኔ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን አቁሜ ጩኸት እጠብቃለሁ። "አባርራት ይሆን?" እላለሁ፤ ደግሞ ራሴን "ስለሷ ሥራ ነው የምታስበው፣ ወይስ ስላንተ እግር ላለማሰብ?" እለዋለሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። "ምንዎን ነው?" ሲሉኝ "እግሬን" አልኳቸው። "እኔ ፊቴን ነው" አሉኝ። "ግን ደህና ነኝ፣ ፎቶው ምንም አላሳየም ብለውኛል። የመጣሁት ለልጄ መድኃኒት ልወስድ ነው።" "መድኃኒቱን ወስደው እንዳይሄዱ፤ ትንሽ ይቆዩ" አልኳቸው። "ለምን?" አሉኝ። "ዝም ብለው ይቆዩልኝ" አልኳቸው። አሮጊቷ እንደ እብድ አይተውኝ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ግን አልሄዱም።

ጩኸት አልተሰማም። በሩ ሲከፈት የወጣችው ዶክተሯ ናት። "አባባ፣ ይግቡ" አለችኝ።

አልጋው ላይ በሆዴ ተኛሁ። ስንት ጊዜ ተኝቼበታለሁ፤ ያን ዕለት ግን እንደ ሬሳ ሳጥን ጠበበኝ። ዶክተሯ ፎቶ አልጠየቀችም። መብራት አምጥታ፣ ማጉያ መነጽር ይዛ፣ በገዛ ዓይኗ ተረከዜን ተመለከተችው። ትንፋሿ እግሬ ላይ ይሰማኛል። ብዙ ቆየች። አንድ ሰው ስለ አንተ አውቆ ገና ያልነገረህ ጊዜ ከምንም ይከፋል። "ተናገሪ!" ብዬ ልጮህ ነበር፤ ግን ምን እንደምትል ስለፈራሁ ቶሎ እንዳትናገርም እመኝ ነበር።

"ተለውጧል" አለች። "ዛሬውኑ እንቆርጠዋለን። ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ላቦራቶሪ ነው የሚነግረን። ገና ላይ ላዩን ከሆነ በመቆረጡ ያልቃል። ከገባ ግን..." እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በወንድሜ አውቀዋለሁ። "የማልዋሽዎት ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ሳምንታት ባይባክኑ እወድ ነበር" አለች።

እንግዲህ ይህን ስትል ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። የሰማሁት ለቅሶ ከልጅነቷ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ነው።

ዶክተሯ ግን ሥራ አላት። "ከመቁረጤ በፊት በካርዱ የተስተካከለ አንድ ጥሩ ፎቶ ያስፈልገኛል" አለቻት። "የሌሎቹንም በዚህ ነው የማመሳክረው። አንሺልኝ።" ካርዱን ከእግሬ ጎን አቆሙት። ልጄ ካሜራውን አነሳች። "ደበዘዘ" አለች ዶክተሯ። እንደገና አነሳች። "ተንቀሳቅሷል። እጅሽን አረጋጊ።" ሦስተኛም አነሳች። ከዚያ ካሜራውን አስቀመጠችና፣ "አልችልም" አለች። "አባዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ በእጄ ነው የሸፈንኩብህ። እያየሁት ነበር፤ እያየሁ ነው ያጠፋሁት።"

ፊቴ ትራስ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ስለ እግሬ ያለኝ ፍርሃት አንድ ጊዜ ጥሎኝ ሄደና ሌላ መጣ። ይህች ልጅ እኔ ብድን፣ ባልድን ይህን ተሸክማ ልትኖር ነው። እኔን ቀብራ ወደ ቤት ስትገባ "እኔ ነኝ" ልትል ነው። ቧንቧው ሲንጠባጠብ "እኔ ነኝ" ልትል ነው። እኔ በሌለሁበት ማን ነው "አይደለሽም" የሚላት? ብላትስ መቼ ታምነኛለች? ባህሪዋን አውቀዋለሁ፤ ይቅር ብላት አትቀበለኝም። ከዚህ ጸጸት የሚያወጣት እኔን መቆጣት ብቻ ነው።

"ባክሽ አትንጠባረሪ" አልኩ ትራሱ ውስጥ። "እኔ ካንቺ በፊት ነው ያወቅሁት።"

"ምን አልክ?"

"አይቼዋለሁ አልኩሽ። በመላጫ መስታወቴ። 'እግርህን አውሰኝ' ካልሽኝ ቀን በፊት። ጠቁሮ ነበር፣ ጠርዙም ፈሶ ነበር። አውቄ ነው የተኛሁልሽ።"



"አውቀህ?"

"እንዲቆረጥ ስላልፈለግኩ ነዋ። ካሜራሽ ምንም የለም ካለ፣ የለም ብዬ ልኖር። ምን ታደርጊኛለሽ?"

ውሸት ነው። በዚያ እግር ላይ እንኳን መስታወት ልጥል፣ በስህተት እንኳ ዓይኔ አርፎበት አያውቅም። ግን እንዲያ በደረቁ ስናገር እሷ የሰማችው፣ ቀደም ሲል ወጥ ቤት ውስጥ "ካርዱን ወደ ሳጥኑ መልሺው" ያላትን ሰው ነው። አመነችኝ።

"ያቺ ነፍሰ ጡርስ?" አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። "ያ ሁሉ ሰውስ? ፎቶዎቹን ላሳይህ ስልህ 'አምኜሻለሁ' አልከኝ! ሳቅክ! እያወቅህ ሳቅክብኝ!"

"ስለ ሰው አላሰብኩም።"

"አታፍርም? በዚህ ዕድሜህ አታፍርም? እኔ አንተን ብዬ ... አንተ ፈሪ! አንተ ራስ ወዳድ!" እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ዶክተሯ "ተረጋጊ" ብትላትም አልሰማቻትም። "ቆይ ይህ ይለፍ። ቆይ ብቻ!" ካሜራውን ከጠረጴዛው ላይ ላፍ ስታደርገው ሰማሁ። ቆመች። ትንፋሿ ቁጣ ቁጣ ይላል፣ ግን ለቅሶው የለም።

"ይህ ፎቶ ደህና ነው፣ አልተንቀሳቀሰም" አለች ዶክተሯ። "በጣም ደህና ነው። ይበቃል።"

ከዚያ ማደንዘዣ ወጉኝ። ትራሱን ነክሼ ያዝኩ። ልጄ እጄን አልያዘችኝም፤ ግድግዳው ጋ ቆማ እያለቀሰች ሳይሆን እየተቆጣች ጠበቀችኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ይህ ከሆነ ሰነበተ። ልጄ ለተነሱት ሰዎች ሁሉ ደወለች፤ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ነፍሰ ጡሯ ደህና ናት። ፊታቸውን ያሉኝ አሮጊት ተቆርጦላቸዋል፤ "ቆዩ ያሉኝ ሽማግሌ ነቢይ ናቸው እንዴ?" ብለው ጠይቀዋል አሉ። ዶክተሯ ጥፋቱ የክፍሉ ነው ብላ ጻፈች። ልጄ ሥራዋ ላይ ናት።

እኔን ግን አኩርፋኛለች። ቁስሌን ታጥብልኛለች፣ ፋሻ ትቀይርልኛለች፣ አንድ ቃል አትናገረኝም። ሳህኑን ፊቴ ላይ ጧ አድርጋ ታስቀምጣለች። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ከግድግዳው ወዲያ ስታንኮራፋ እሰማታለሁ። ያለቀሰች ልጅ እንዲያ አትተኛም።

የላቦራቶሪው ውጤት ነገ ይነገረናል። ወንድሜ ትዝ ይለኛል፣ ጫማዎቹ ትዝ ይሉኛል። ለማንም አልናገርም። ጥሩ ከሆነ እዚያው ኮሪደሩ ላይ አስቁሜያት እውነቱን እነግራታለሁ፤ ትስቅብኛለች፣ ትማታኝም ይሆናል። መጥፎ ከሆነ ግን አልነግራትም፤ እንደተቆጣችኝ ትቅር።